ከድምፁ በፊት ቆጠራው፦ ለብቻው የሚሠራ ድራም ማሽን እንዴት ይመረጣል?

ድራም ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ድምፅ ነው፤ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ወፍራም ነው ወይ፣ ስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ትንሹ ድራም) ይጮኻል ወይ፣ ሃይሃቱ (የተጋጠሙት ሁለት ሳህኖች) ጥርት ብሎ ይሰማል ወይ ይላል። እኔም ጅማ ውስጥ በየሠርጉ ኪቦርድ መጫወት በጀመርኩበት ጊዜ የመጀመሪያውን ማሽኔን የመረጥኩት በዚሁ መንገድ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ከሱቁ ሆኖ በስልክ ድምፁን አሰማኝ፤ ወደድኩት፤ ገዝቶም በአውቶቡስ ላከልኝ። ሳጥኑን ከፍቼ አንድ ቀላል የችክችካ ምት ልሞላበት ስቀመጥ ግን ማሽኑ ሁልጊዜ እስከ 16 ካልቆጠረ በቀር ወደ መጀመሪያው የማይመለስ፣ በ12 ላይ እንዲመለስ የሚታዘዝበትም መንገድ የሌለው ሆኖ አገኘሁት። ድምፁ እንደተባለው ያማረ ነበር፤ ለእኔ ሥራ ግን አልሆነም። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚገባውን ጥያቄ በሚገባው ቅደም ተከተል እንዲጠይቅ ነው፤ ቅደም ተከተሉም በእኔ እምነት ከቆጠራው ይጀምራል፣ ድምፁ ሁለተኛ ይመጣል፣ የተቀረው ከዚያ ይከተላል።

ለብቻው የሚሠራ ድራም ማሽን የምንለው ኮምፒውተር ሳያስፈልገው ድምፁንም፣ ምቱን መዝግቦ መልሶ የሚያጫውተውን ክፍልም፣ ወደ ሚክሰር የሚወጣውን መስመርም በአንድ ሳጥን የያዘውን መሣሪያ ነው። ኪቦርድ ያለው ሰው «ኪቦርዴ ውስጥ ሪትም ሞልቶ የለም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በኪቦርድ ውስጥ ያለው ሪትም ግን ሌላ ሰው አስቀድሞ ያዘጋጀው ነው፤ እያንዳንዱን ምት እየቀያየሩ፣ እያነሱና እየጣሉ፣ ዘፋኙ ሲረዝም እያረዘሙ በእጅ ለመሥራት አይመችም። የዘወትር ሥራዎ የተዘጋጀ ሪትም ላይ ዜማ መጫወት ብቻ ከሆነ ድራም ማሽን ላያስፈልግዎ ይችላልና ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ምቱን ራስዎ መፍጠር ከፈለጉ ግን ቀጥሎ ያለውን በጥንቃቄ ይመልከቱ።

ብዙ ማሽኖች ፊታቸው ላይ 16 ቁልፎች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ስቴፕ ነው፤ መብራቱ ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ ሲያልፍ በተጫነው ስቴፕ ላይ ድምፁ ይመታል፣ ባልተጫነው ላይ ዝም ይላል። አሥራ ስድስቱ የተመረጡት እያንዳንዱን ምት በአራት ለሚከፍል፣ አራት ምት ሲሞላ ለሚመለስ ሙዚቃ ስለሚመቹ ነው። የእኛ ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት በሦስት እንጂ በአራት አይከፈልም። አራት ትልልቅ ምት ለመሙላት የሚያስፈልገን ሦስት በአራት፣ ማለትም 12 ስቴፕ ነው። ማሽኑ 12 ላይ ደርሶ ካልተመለሰ የቀሩት 4 ስቴፖች እንደ ተረፈ ጨርቅ ተንጠልጥለው ምቱን ያሰናክሉታል፤ ጨፋሪውም በአራተኛው ዙር እግሩ ይጠላለፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽኑ ላስት ስቴፕ፣ ማለትም ዙሩ የሚያበቃበትን ስቴፕ የመወሰን ችሎታ አለው ወይ የሚለው ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ሮላንድ ያወጣው ቲአር-808 እንኳ ዙሩን ከ16 በታች ለማሳጠርም፣ ስቴፖቹን በሦስት በሦስት ለመክፈልም ያስችል ነበር። ከርካሾቹ መካከል በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮርግ ቮልካ ቢትስ የማይፈለጉትን ስቴፖች ከሩጫው የማስወጣት ዘዴ አለው፤ የመጨረሻዎቹን አራት ካስወጡለት መብራቱ እነሱን ዘልሎ በ12 ይመለሳል። የአሌሲስ ኤስአር-16 ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው፤ የፓተርኑን (የተሞላውን ምት የአንድ ሙሉ ዙር) ርዝመት የሚቀበለው በምት ቁጥር ሲሆን እያንዳንዱን ምት ወደ 96 ጥቃቅን ክፍሎች ስለሚከፍል፣ 96 ደግሞ ለሦስትም ለአራትም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ለእሱ ሦስቱም አራቱም አንድ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የስቴፑን መጠን የሚመለከት ሲሆን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን 12 ላይ ቢያሳጥሩትም እያንዳንዱን ምት በአራት ስቴፕ መቁጠሩን ካልተወ በመስኮቱ ላይ የሚያሳየው ቴምፖ (በደቂቃ የሚቆጠረው የምት ብዛት) ከእግርዎ ምት ጋር አይገጥምም። ለምሳሌ ጨፋሪው በደቂቃ 120 ጊዜ እግሩን የሚያነሳ ከሆነ አንዱ ትልቅ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ እሱን በሦስት ስንከፍለው አንዱ ስቴፕ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። በአራት የሚቆጥር ማሽን ስቴፑ ያን ያህል እንዲረዝም ቴምፖው 90 ላይ መቀመጥ አለበት። ደንቡ ቀላል ነው፦ የእግርዎን ምት በሦስት ያባዙ፣ ለአራት ያካፍሉ፣ ማሽኑን እዚያ ላይ ያድርጉት። ለብቻዎ ሲጫወቱ ይህ ችግር የለውም። ማሽኑን ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲያያይዙ ግን አንዱ 120፣ ሌላው 90 እያለ ግራ ያጋባል፤ ስለዚህ ምቱን በቀጥታ በሦስት የሚከፍል ስኬል (የስቴፕ መጠን ምርጫ) ያለው ማሽን ይሻላል። የሮላንድ ቲአር-8ኤስ የሦስትዮሽ ስኬል አለው፤ የኤሌክትሮን ዲጂታክት ደግሞ የፓተርኑን ፍጥነት ወደ ሦስት አራተኛ የማዘግየት ምርጫ ስላለው ዙሩ 12፣ ፍጥነቱ ሦስት አራተኛ ሲደረግ መስኮቱ 120 ብሎ እግሩም 120 ይላል።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ የዙር ርዝመት ሊኖረው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ከበሮው በ12 ሲዞር ጭብጨባው በ6፣ ሻኩራው በ8 እንዲዞር ማድረግ ሲቻል ትንሽ ነገር ሞልተው ለረጅም ጊዜ የማይሰለች ምት ያገኛሉ። ዲጂታክትና የአርቱሪያ ድራምብሩት ይህን ያደርጋሉ። በአምስት የሚቆጠር ምት ለሚጫወት ሰውም ላስት ስቴፕን 10 ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ይህ ሦስተኛው ቢኖር መልካም ነው፣ ባይኖርም ይታለፋል፤ የመጀመሪያው ግን ከሌለ ድምፁ ምንም ቢያምር ማሽኑን ይተውት።

ሱቅ ሲገቡ የሚሞክሩትን ምት አስቀድመው ወረቀት ላይ ጽፈው ይሂዱ። እኔ ለመሞከሪያ የምጠቀምበት አጥንቱን ብቻ የያዘ ነው፦ ላስት ስቴፕ 12፤ ኪክ በ1 እና በ7፤ ከፍ ያለ የከበሮ ድምፅ በ4፣ በ6፣ በ10 እና በ12፤ ሃይሃት በሁሉም ላይ ሆኖ በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10 ላይ ጠንከር ይላል። ይህን ሞልተው ማጫወቻውን ይጫኑና በእግርዎ በየዙሩ አራት ጊዜ ይምቱ። ባለሱቁ ሳያግዝዎ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሞሉት ማሽኑ ከእርስዎ ጋር ይግባባል ማለት ነው። ላስት ስቴፕን ለማግኘት ሦስት ገጽ ምናሌ ውስጥ መግባት ካስፈለገዎ፣ በሠርግ መሐል ዘፋኙ ከትዝታ ወደ ችክችካ ሲዞር ያንኑ ምናሌ በጨለማ እንደሚፈልጉ ያስቡ። ሱቁ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ አምራቾቹ የማሽኖቻቸውን የአጠቃቀም መመሪያ በድረ ገጻቸው በነፃ ስለሚያስቀምጡ መመሪያውን በስልክዎ አውርደው ስለ ዙር ርዝመትና ስለ ስኬል የሚናገረውን ክፍል ሳያነቡ ገንዘብ አይላኩ።

አንዳንድ ሻጭ ስለ ሦስት ክፍፍል ሲጠየቅ «ስዊንግ አለውኮ» ይላል። ስዊንግ ሁለት ሁለቱን ስቴፕ እያጣመረ ሁለተኛውን ወደ ኋላ የሚጎትት ነው። በድራም ማሽን ፈጣሪው በሮጀር ሊን ዲዛይን ተሠርቶ በ1988 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአካይ ኤምፒሲ60 ጀምሮ በስፋት የታወቀው አቆጣጠሩ 50 ከመቶ ሲሆን ቀጥ ያለ፣ 66 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ወደ ሦስትዮሽ የሚጠጋ ነው። ነገር ግን ስዊንግ ከሦስቱ ምት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ መካከለኛው ቦታ የለውም። በችክችካ ውስጥ ያ መካከለኛው ቦታ በሃይሃት፣ በጭብጨባ ወይም በከበሮ ቆዳ ጠርዝ የሚሞላ ነውና ስዊንግ የሦስት ክፍፍልን አይተካም።

ቆጠራው ከተሟላ በኋላ የሚቀጥለው ምቱ ሰው የመታው እንዲመስል የሚያደርገው ነገር ነው። ከላይ የጻፍኩትን አጥንት አስተካክዬ ሞልቼ በሠርግ ድቤ ለሚመቱ አንዲት እናት አሰማኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ጥቂት ሰሙና «ልጄ፣ ይኼ ይመታል እንጂ አያስጨፍርም» አሉኝ። «ምን ጎደለው እማማ?» ብላቸው መልስ ሳይሰጡ ድቤያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና መቱት። ቀኝ እጃቸው ከባዱን ምት ከመታ በኋላ የግራ እጃቸው ጣቶች በስድስተኛው ቦታ ላይ ቆዳውን ሲነኩ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያሉ፤ የሚነኩትም በስሱ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ምት ደግሞ ያ መዘግየት የፈጠረውን ክፍተት ሲዘጋ ነው ትከሻ የሚንቀሳቀሰው። ወደ ማሽኑ ተመልሼ የ6ኛውንና የ12ኛውን ስቴፕ ምት በጣም በጥቂቱ ወደ ኋላ አንሸራተትኩ፣ ድምፁንም ወደ ግማሽ ዝቅ አደረግኩ። በሁለተኛው ዙር እማማ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ከዚህ ሁለት መመዘኛ ይወጣል። አንደኛው፣ እያንዳንዱን ምት ከስቴፑ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ማንሸራተት ይቻላል ወይ የሚለው ሲሆን ሁለተኛው የእያንዳንዱ ምት ጉልበት ለየብቻ ይስተካከላል ወይ ነው። ሁሉንም በአንድ ጉልበት የሚመታ ማሽን ለዳንስ ሙዚቃ ሊሆን ይችላል፤ ለከበሮ ግን አይሆንም። በእጅ መጫወት የሚፈልግ ሰው የፓዱን (በጣት የሚመታውን የጎማ ቁልፍ) ጠባይ አበክሮ ይመልከት። የኤምፒሲ ቤተሰብ 16ቱ ፓዶች የጣትን ጉልበት ይለያሉ፤ ቀስ ብለው ሲነኩ ቀስ፣ ሲመቱ ጠንከር ይላሉ። የመጀመሪያው ዲጂታክት ቁልፎች ግን የጣትን ጉልበት ስለማይለዩ ጉልበቱን በኋላ በማዞሪያ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ከልጅነቱ ከበሮ የመታ ሰው ኤምፒሲ ወይም ኤስአር-16 ላይ ቶሎ ይገባዋል፤ ተቀምጦ እያሰበ የሚሠራ ሰው ዲጂታክትን ይወዳል። በዚህ ረገድ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ የእጅ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። የድራም ማሽን ድምፅ በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚፈጠረው አናሎግ ነው፤ የ808 ረጅም፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ኪክ የዚህ ልጅ ነው። ሁለተኛው ከእውነተኛ ከበሮ ተቀድቶ የተቀመጠው ሳምፕል ሲሆን በዚያው በ1980 እ.ኤ.አ. ሮጀር ሊን ያወጣው ኤልኤም-1 የእውነተኛ ድራም ቅጂ ይዞ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ድራም ማሽን ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. የመጣው ቲአር-909 ሁለቱን አደባልቆ ኪኩንና ስኔሩን በአናሎግ፣ ሃይሃቱንና ሲምባሉን በሳምፕል አደረገ። የዛሬዎቹም ከዚሁ አልወጡም፤ ቮልካ ቢትስ በአብዛኛው፣ ድራምብሩት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አናሎግ ናቸው፤ ዲጂታክትና ኤምፒሲ የሳምፕል ናቸው፤ ቲአር-8ኤስና ታናሹ ቲአር-6ኤስ የድሮዎቹን ሰርኪዩት በዲጂታል አስመስለው ከኤስዲ ካርድ የሚገባ ሳምፕልም ይቀበላሉ።

የአገር ውስጥ ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው የራሱን ሳምፕል የሚቀበል ማሽን እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ። የከበሮን፣ የድቤን፣ የጭብጨባን፣ የእልልታን ድምፅ የያዘ ማሽን ከፋብሪካ አይመጣም፤ ሰው ራሱ መቅዳት አለበት። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ፊት ወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊት ቀጭኑን ድምፅ ስለሚሰጥ ለየብቻ ይቅዷቸው። ማይኩን ወይም ስልክዎን ከቆዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው፣ እያንዳንዱን ምት ቀስ፣ መካከለኛና ጠንካራ አድርገው ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስመቱ፤ አንዱ ምት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሌላው አይከተል። በጅማ ክረምት ይህን ለሚሠራ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ በጆሮ የለመድነው ስለሆነ ሳናስተውለው ቅጂው ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ሳምፕሉ በየዙሩ ሲደጋገም ፍንጥቅጥቅ የሚል ሹክሹክታ ይሆናል። ቆዳውም በእርጥበት ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ከበሮውን ፀሐይ ካሞቁት በኋላ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት፣ በማለዳ መቅዳት ይሻላል።

ስልክ የቀዳውን ብዙውን ጊዜ ጨምቆ የሚያስቀምጠው ማሽኖቹ በማያነቡት የፋይል ዓይነት ስለሆነ ወደ ዌቭ ፋይል መለወጥ ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ ጊዜ የጓደኛ ኮምፒውተር መዋስ ይበቃል። ማሽኑ በራሱ መቅጃ መስመር ካለው፣ እንደ ዲጂታክትና እንደ ኤምፒሲ፣ ይህም አያስፈልግም፤ ማይኩን በሚክሰር አሳልፎ በቀጥታ መቅዳት ይቻላል።

የማሽኑ ርካሽነት ብቻውን አያሳስብዎ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ብቻቸውን ሆነው አኮርዲዮንን ከድራም ማሽንና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው የቀረጹት ሥራ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳግም ታትሞ የዓለም ጆሮ አግኝቷል። እዚሁ ጅማ በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎንንና ኮንጋን ከባሕር ማዶ አምጥተው በእኛ ቅኝት እንዲናገሩ አድርገዋል። ከውጭ የመጣ መሣሪያ የእኛን ቆጠራ ሊማር እንደሚችል እነዚህ ሥራዎች ያሳያሉና በዋጋው ሳይሆን በመታዘዙ ይመዝኑት።

የኤሌክትሪኩን ጉዳይ ቸል የሚል ሰው ማሽኑን በመጀመሪያው ቀን ያጣዋል። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ለ120፣ ከጃፓን የሚመጣ ለ100 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ትራንስፎርመሩ ሆዱ ውስጥ የተገጠመለት የድሮ ማሽን ከሆነ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ ያለ ስጋት ይሰኩት። አዳፕተሩ የጠፋበት ማሽን ሲገዙ ደግሞ ቮልቱ ብቻ ሳይሆን የጫፉ ዋልታም መግጠም አለበት። የቮልካ ማሽኖች 9 ቮልት ሆነው የጫፉ መካከል ፖዘቲቭ ነው፤ የጊታር ፔዳሎች የተለመደው አዳፕተር ደግሞ እሱም 9 ቮልት ሆኖ መካከሉ ኔጋቲቭ ነው። ዋልታው ሳይገጥም የተሰካ ማሽን ሊበላሽ ይችላል። ዲጂታክት 12 ቮልት ይፈልጋል። አዳፕተሩን ከማሽኑ ጋር በክር አስረው ስሙን ጽፈው ቢያስቀምጡ ሠርግ ቤት ውስጥ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ባትሪ ያለው ማሽን ትልቅ እፎይታ ነው። ቮልካ ቢትስ በ6 ዶብል ኤ ባትሪ፣ ቲአር-6ኤስ በ4 ዶብል ኤ ወይም ከስልክ ፓወር ባንክ በዩኤስቢ፣ የቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ ትንሿ ፒኦ-12 በ2 ትሪፕል ኤ ይሠራሉ፤ የአካይ ኤምፒሲ ላይቭ 2 እና የኖቬሽን ሰርኪት ሪትም የራሳቸው የሚሞላ ባትሪ በውስጣቸው አላቸው። ዲጂታክትን የመሰለ ባትሪ የሌለው ማሽን ከወደዱ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ሊጠፋ እንደሚችል አስበው በየአሥር ደቂቃው ማስቀመጥን ልማድ ያድርጉ። ጄኔሬተር በሚነሳበትና በሚጠፋበት ቅጽበት ቮልቱ ስለሚዘል፣ ከጄኔሬተር ጋር የሚሠራ ሰው ስታቢላይዘር ቢይዝ ወጪው አያስቆጭም።

ስለ መውጫው መስመር ብዙ አልልም። ለቤት ሥራ የግራና የቀኝ ሁለት መውጫ ይበቃል። በአዳራሽ ለሚጫወት ግን ኪኩ በራሱ መስመር ወደ ሚክሰር ቢገባ የሳውንድ ባለሙያው ለብቻው ሊያስተካክለው ይችላል፤ ቲአር-8ኤስ ከዋናው ሌላ 6፣ የቤሪንገር አርዲ-8 ደግሞ ለየድምፁ የተለየ መውጫ አላቸው። ቮልካዎች የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ስላላቸው ወደ ሁለት ትልልቅ ጃክ የሚከፈል ኬብል አብረው ይግዙ።

ኪቦርድና ድራም ማሽን በአንድ ቴምፖ እንዲሄዱ የሚያደርገው ሚዲ ነው፤ ዋናው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ምት 24 ጊዜ ምልክት ይልካል፣ ሌላው ይከተላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ አዳዲሶቹ የቤት ኪቦርዶች ባለ አምስት እግሩን ክብ የሚዲ ቀዳዳ ትተው የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ድራም ማሽኑም ዩኤስቢ አለውና ሁለቱን በአንድ ገመድ ማገናኘት የሚቻል ይመስላል። አይቻልም፤ ሁለቱም በመካከላቸው ኮምፒውተር ወይም ለዚሁ የተሠራ አገናኝ መሣሪያ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የኪቦርድዎን ጀርባ ይመልከቱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ ምርጫ ምን ይሆን ነበር? በየሳምንቱ ሠርግ ለሚጫወት ሰው፣ ዕቃው ቀላልና በፓወር ባንክ የሚሠራ፣ ስኬሉ ከሦስት ጋር የሚስማማ፣ ሳምፕል የሚቀበል ስለሆነ ቲአር-6ኤስን አስቀድማለሁ፤ ስድስት ድምፅ ብቻ መሆኑ ለከበሮ፣ ለጭብጨባና ለሃይሃት ይበቃል። በቤቱ ተቀምጦ ሙሉ ሥራ ለሚያቀናብር ሰው ዲጂታክት ወይም ኤምፒሲ ዋጋቸው ከባድ ቢሆንም ዓመታት ያገለግሉታል። ገና የሚማር ተማሪ ያገለገለ ቮልካ ቢትስ ወይም ኤስአር-16 ይዞ ቢጀምር አይጸጸትም፤ ሁለቱም የራስን ሳምፕል አለመቀበላቸው ብቻ ቆይቶ ያስቸግረዋል።

ያገለገለ ማሽን ሲገዙ እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ይጫኑ፤ አንድ ጊዜ ሲጫን ሁለት ጊዜ የሚመታ ቁልፍ ውስጡ አልቋል። ማዞሪያዎቹን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ ያዳምጡ፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ አቧራ ወይም ዝገት ነው፣ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ምክንያት ይሆናል። የኤስዲ ካርድ ካለው የራስዎን ካርድ ይዘው ሄደው ያስገቡ። ከዚያ አንድ ፓተርን ሞልተው ያስቀምጡ፣ ማሽኑን ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሱና ያብሩት። ከድሮዎቹ ማሽኖች ብዙዎቹ ማስታወሻቸውን የሚጠብቁት ውስጣቸው ባለ ትንሽ ባትሪ ስለሆነ ፓተርኑ ጠፍቶ ከተገኘ ባትሪው አልቋል፤ መቀየሩ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከባድ አይደለም፣ ሳይነግሩዎ መሸጣቸው ግን ሌላም የደበቁት ነገር ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።

ጅማ ከገባ በኋላ የማሽኑ ጠላት እርጥበት ነው። ከግድግዳው ራቅ ያለ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ያስቀምጡት፤ በጨርቅ ይሸፍኑት እንጂ በፕላስቲክ አያሽጉት፣ ፕላስቲክ እርጥበቱን ይዞ ጃኮቹን ያዝጋቸዋልና። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች አይጣሉ፣ የማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ያስገቧቸው። ከአዲስ አበባ ሲመጣም 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነውና በአውቶቡስ ጣራ ላይ አያስጭኑት፤ የሚያመጣው ሰው በእጁ ይያዘው። ማዞሪያዎቹና ፌደሮቹ (የሚንሸራተቱት መቆጣጠሪያዎች) ከሳጥኑ ፊት ከፍ ብለው ስለሚቆሙ ሌላ ዕቃ ሲያርፍባቸው መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው፤ ጠንካራ ካርቶን በማሽኑ ልክ ቆርጠው፣ ከአራቱ ጠርዞች ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አድርገው ካርቶኑ ማዞሪያዎቹን እንዳይነካ ከፍ ካደረጉት በኋላ ያስሩት።